ዘጠኝ ቁጥር ሕንፃ

ሰኞ፣ 3

ተሾምኩ። ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ በአንድ ጠዋት ስትሾም አይቼ ስለማላውቅ ይህን ደብተር ገዛሁ። ትልልቅ ሰዎች ደብተር ይይዛሉ አሉ።

እኛ ሊፍት እንጠግናለን። እኛ ስል እነሱ ይጠግናሉ፤ እኔ ደብዳቤ አደርሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ሰው አበሽቃለሁ። እቴቴ ስልኩ ላይ ትቀመጣለች። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝ እሷ፣ እዚህ ሥራ ያስገባችኝም እሷ። ደንበኛ ሲደውል ትልቁ መዝገቧ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፦ ሰዓት፣ ሕንፃ፣ የሚሄደው ሰው፣ ብልሽት። ብልሽት ሦስት ዓይነት ነው። «ቆሟል»፣ «ይንቀጠቀጣል»፣ «ውስጥ ሰው አለ»። ሦስተኛው ከተጻፈ ሁሉም ምሳውን ጥሎ ይሮጣል።

ዛሬ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። ስብሰባ ብዬዋለሁ፤ ሌላ ሥራ ሲሠራ ስላላየሁት።

«ስልክ የሚገባሽ አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ስልካቸውን የምታበላሺውም የምታስተካክይውም አንቺ ነሽ አሉ።»

ምን ልካድ።

የፈለገው እንዲህ ነው። መዝገቡ ይቅር። ቀጠሮውም የደንበኞች አድራሻም በየሰዉ ስልክ ይግባ፣ አንዱ ጋ ሲቀየር ሁሉም ጋ ይቀየር። ደግሞ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ አይሆንም። አምና የተከራዩት ድርጅት በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ዘግቶ ሄደና አድራሻው ሁሉ አብሮት ሄደ። የተረፈው የእቴቴ መዝገብ ብቻ ነበር። «በራሳችን ማሽን፣ በራሳችን ጓዳ» አለኝ። ፕሮግራሙን መርጬ የምጭነው እኔ ነኝ።

እቴቴ ስነግራት፣ «ደህና፣ እጄም ያርፋል» አለች። እርሳሷን ግን ቀረጸች።


ሐሙስ፣ 6

ጓዳ ውስጥ፣ የሊፍት ቁልፎች ካርቶን ሥር አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጫለሁ። ተወዳዳሪ ፕሮግራሞቹ ሦስት ናቸው።

ወፍራሙ፦ ቀጠሮ፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ መልእክት፣ ሪፖርት፤ የሌለው ነገር የለም። ሲነሳ ማሽኑ ስድስት ፎቅ በእግሩ እንደወጣ ሰው ያለከልካል። ቀለሙ ግን ያምራል።

ጎረምሳው፦ የቴክኒሻናችንን የጋሽ ብሎንን ስልክ አላውቅም ብሎ ድርቅ አለ። ተባረረ።

ቀጭኗ፦ ቀጠሮና አድራሻ፣ በቃ። ፊቷ ግራጫ ነው፣ አትስቅም። ግን የሁሉንም ስልክ ታናግራለች፤ የአንድን ሰው ቀጠሮ ራሱ ካላጋራ በቀር ለማንም አታሳይም፣ ለኃላፊም ቢሆን። ወደድኳት።

ሙከራ አደረግሁ። ከስልኬ ላይ «ነገ ጠዋት፣ የዝሆን ጥርስ ማጽዳት፣ መሰላል ይያዝ» ብዬ ለሁለቱ ቴክኒሻኖች ላክሁ። ሽቦ (ቀጭን ስለሆነ) ስድቡን ይዞ መጣ። ጋሽ ብሎን (ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን ስለማያጣ) መሰላሉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ዝሆኑ በየትኛው ፎቅ ነው?»

ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም። ይህን ሰውዬ ማሸነፍ አይቻልም።

ከዚያ ዝሆኑን ከኔ ስልክ ላይ ሰረዝኩት። ከሁሉም ስልክ ጠፋ። አንዱ ጋ የሞተ ሁሉም ጋ ይሞታል። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ አለብኝ። ይህን ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።


ሰኞ፣ 10

መዝገቡን ወደ ማሽኑ እየገለበጥኩ ነው። ለማወዳደር ሁለቱም ላይ። ወፍራሙ እያንዳንዱን ቀጠሮ ከደንበኛ ስልክ ጋር ካላያያዝኩለት ቀይ ያበራብኛል። ቀጭኗ ዝም ብላ ትቀበላለች።

ቀይ የሚያበራው አንድ ስም ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ቁጥር ሕንፃ። በየማክሰኞው ጋሽ ብሎን፣ በየረቡዑ ሽቦ፣ አስር ሰዓት ላይ። ስልክ የለውም። መንገድ የለውም። የብልሽት ቦታው ባዶ ነው።

«እቴቴ፣ ዘጠኝ ቁጥር የማን ነው?»

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «ዘጠኝን ተይው።»

«ቀይ እያበራብኝ ነው።»

«ያብራ።»


ማክሰኞ፣ 11

ሽቦን ጓዳ አስገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ቁንጫ፣ ልለፍ» አለኝ። ቁንጫ እኔ ነኝ። ስም ለሰው የማወጣው እኔ ብቻ አይደለሁም።

«ዘጠኝ ቁጥር የት ነው?»

«ያን አትጻፊው።»

«ካልነገርከኝ ዛሬ ስልክህ የሚጮኸው በአህያ ድምፅ ነው።»

ነገረኝ። ዘጠኝ ቁጥር የሚባል ሕንፃ የለም። የጋሽ ብሎን ሚስት ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል ኩላሊቷ ይታጠባል፤ ተደግፋ የምትመለስበት ሌላ ክንድ የላትም። ሽቦ ከልጁ እናት ጋር ከተለያዩ ወዲህ ልጁን የሚያየው ረቡዕ ብቻ ነው። የድሮው ሥራ አስኪያጅ «ሰው ካልሞተ ፈቃድ የለም» ባይ ነበር። እና እቴቴ አንድ ቀን እርሳሷን አነሳችና ሕንፃ ሠራች። የሄደ ሰው ሰዓቱን በማግስቱ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ይከፍላል። አንድ ሊፍት ቆሞ አላደረም።

እስኪያመኝ ሳቅሁ። እቴቴ፣ ሳንቲም ያገኘች ቀን ባለቤቱን ስትፈልግ የምትውለዋ እቴቴ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የሌለ ሕንፃ ስታስጠግን።

ከዚያ ሳቄ ቆመ። «ሁለት ዓመት አብሬያችሁ ስሠራ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሽቦ መሬት መሬት አየ። «አፍሽ» አለ።

ተቀየምኩት። ቢሆንም ማልኩለት። ለየሰዉ የግል የሚባል ቀጠሮ አለ፣ እዚያ አስገባዋለሁ፣ ማንም አያየውም። እናቴን ብዬ ማልኩ።


አርብ፣ 14

ስብሰባ ሁለቱን ሊያይ ጓዳ ድረስ መጣ። የቀጭኗን ፊት አይቶ «ይኼ የቴሌቪዥን ብልሽት ነው?» አለ። ወፍራሙን ሲያይ ወንበር ሳበ።

«ሁሉንም ባንድ ላይ የሚያሳየኝ የቱ ነው?»

«ወፍራሙ… ማለት፣ ይኼኛው።»

«አንቺስ የቱን ትያለሽ? የሲስተም ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።»

የሲስተም ኃላፊ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አሠርቶልኝ ነበር፣ ፎቶዬ ያለበት። አስቤበት ወፍራሙን መረጥኩ። ምክንያቶቼ፦ አድራሻ ፍለጋው ፈጣን ነው። ፊደላችንን አያዛባም። ቀለሙ ለዓይን ጥሩ ነው፤ የጋሽ ብሎን ዓይን ደግሞ ደካማ ነው። እነዚህ በቂ ናቸው።

ቀጭኗን ሳጠፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ቤት ስንገባ እቴቴ መታወቂያዬን ገልብጣ አየችው። «ኃላፊ ከሆንሽማ የማታ ትምህርቱን ተመዝገቢ። ምዝገባው ሊጀመር ነው።»

«ኃላፊ ይማራል እንዴ?»

«ያልተማረ ኃላፊ አንድ ይበቃናል» አለች። ስለ ስብሰባ መሆኑ ነው።


ሰኞ፣ 17

ስልኮች ሁሉ ገቡ። ከኔ ሌላ አራቱም። የሽቦ ሁለቴ እምቢ አለ። እያንዳንዱን ደንበኛ ሁለት ሁለት ጊዜ አስገባ፣ አጠፋሁ፣ ሦስት ሦስት ሆነ። ምሳ አልበላሁም።

እቴቴን ማስተማር ለብቻው ሥራ ነው። በአንድ ጣት፣ ትንኝ እንደምትገድል። የምትጽፈው ሁሉ ለሁሉም የሚታየው ላይ ይወድቃል።

«እቴቴ፣ መጀመሪያ የግል የሚለውን ንኪ።»

«ምን የምደብቀው አለኝ?» አለች ሕንፃ የሠራችው ሴትዮ።


ረቡዕ፣ 19

ስብሰባ የዋናውን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። «አንድ ቀን ብትታመሚስ?» አለ። በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ቢሮው የሱ፣ ማሽኑ የሱ። ወረቀቱን አራት አጥፎ ቦርሳው ከተተ።

ይህ ነገር ሰው ለመከታተል አይደለም ብሎኛል፣ ለሥራ ቅልጥፍና ነው። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ።


ሐሙስ፣ 20

ዛሬ ስብሰባ ሻይ ጋበዘኝ። ሥራ አስኪያጅ ለኔ ሻይ ሲቀዳ። አጫወተኝ፤ እኔም ስለ ዝሆኑ ነገርኩት፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞረ። «እስቲ ይኼ በየሳምንቱ ቀይ የሚያበራው ምንድነው?»

ምንም አላልኩም። ሳቅሁ ብቻ። አብረን ስንስቅ ስለነበር ሳቁ ቀጠለ። የሳቀ ሰው ምን ተናገረ ይባላል?

የግል ብዬ የቆለፍኩት ነበር። ለሱ ግን ተከፍቶለታል። እኔ አይደለሁም የከፈትኩት።


አርብ፣ 21

ሽቦ፣ «ምን ሆነሻል፣ ዛሬ ማንንም አላበሸቅሽም?» አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት።


ማክሰኞ፣ 25

አስር ሰዓት ከሩብ። ስብሰባ እቴቴ ጠረጴዛ ላይ ቂጡን አሳርፎ ለጋሽ ብሎን ደወለ፣ ድምፁን ከፍቶ። እቴቴም እኔም እንሰማለን።

«የት ነህ ጋሼ?»

«ዘጠኝ ቁጥር ነኝ ጌታዬ።»

«አይ ጥሩ። እኔም ዘጠኝ ቁጥር በር ላይ ቆሜያለሁ። አላየሁህም።»

ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ «ማነው?» ሲል ተሰማ፣ በጣም ደካማ ድምፅ። ከዚያ ጋሽ ብሎን፣ «መጣሁ» አለ።

እቴቴ እኔን አላየችኝም። ማየት የነበረባት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብትል ዓይኔ ሁሉን ይነግራት ነበር።


ረቡዕ፣ 26

ሁላችንንም ሰበሰበ። ወረቀት አትሞ መጥቷል። ስንት ማክሰኞ፣ ስንት ረቡዕ፣ ስንት ሰዓት፤ ወፍራሙ እንደዚህ አድርጎ መደመር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ ሪፖርት የሚል ቁልፍ እንዳለ አውቅ ነበር።

ሽቦ፣ «ይኼን ማን ነገረህ?» አለ።

«ቁንጫ ናት ያስረዳችኝ። ሐቀኛ ልጅ ናት፣ ከሷ ተማሩ።»

በስምሽ አላነሳም ብሎኝ ነበር። ሻዩን እየቀዳ፣ በግልጽ፣ «ከዚህ ክፍል አይወጣም» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ከሃዲ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማንም ዞሮ አላየኝም። ጋሽ ብሎን ኪሱ ውስጥ ብሎኖቹን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ይሰማል።

ስብሰባ አንድ ሰው መሄድ አለበት አለ፤ አፉን ወደ ጋሽ ብሎን አዙሮ ነው የተናገረው። እቴቴ ተነሳች። መዝገቧን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ጽሑፉን እየው። የማን ነው?»

«የርስዎ።»

«ሕንፃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያልላክሁት ሰው አልሄደም። ሚስቱ ሕክምናዋን የምታገኘው በሱ ሥራ ነው፣ እሱን አትነካውም። እኔ አርብ እወጣለሁ።»

«እኔ እንኳ እርስዎን…»

«አርብ አልኩህ፣ ልጄ።»

ልጄ ያለችው ስብሰባን ነው። እኔን ካየችኝ ሁለት ቀን ሆኗል።


አርብ፣ 28

እርሳሶቿን በፌስታል ይዛ ወጣች። ጋሽ ብሎን በር ድረስ ሸኛት፣ ሽቦ እስከ ፌርማታ። እኔ ስልክ እየጠራ ስለነበር አነሳሁ። የደወለው ሰው ቁጥር ተሳስቶ ነው።


ቅዳሜ፣ 29

ቤት ውስጥ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው። እቴቴ ምግቤን ከድና ታስቀምጥልኛለች። «ብርድ ነው፣ ደረብ አድርጊ» ትለኛለች። ሌላ ቃል የለም። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ለስድብ መልስ አለኝ፣ ለተከደነ ሳህን ምን ይመለሳል?

ነገሩን አሰላስዬ የደረስኩበትን ልጻፍ። አንደኛ፣ ስብሰባ ከድቶኛል። ሁለተኛ፣ ሽቦ ከድቶኛል፤ ጓደኛ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ፊት ዝም አይለኝም ነበር። ሦስተኛ፣ እቴቴም ብትሆን። ሚስጥሩን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ኖሮ አሳምሬ እጠብቀው ነበር። የማያምኑት ሰው እንዴት ይታመናል?

ሦስተኛውን ጽፌ አየሁት። ለመሰረዝ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ ግን ይቆይ። እዚህ ላይ ብሰርዘው ሌላ ቦታ አይጠፋም።

ወጥ ቤት በር ላይ ስደርስ እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኳን በአንድ ጣት ትኮረኩራለች። ስታየኝ ገልብጣ አስቀመጠችው።


ሰኞ፣ 1

አሁን እቴቴ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወንበሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ሲነገር አልሰማሁም።

ስብሰባ ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ። አንደኛው፣ የእቴቴን ስም ከሲስተሙ ሰርዢ። ሁለተኛው፣ የድሮዎቹን መዝገቦች ሁሉ አስገቢ፤ ወደኋላ ሊቆጥር ይፈልጋል። ከቆጠረ በኋላ ጋሽ ብሎንን የሚተወው አይመስለኝም።

አንደኛውን ነገ አደርገዋለሁ አልኩት። ሁለተኛውን ጀመርኩ።

የአራት ዓመት መዝገብ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ብልሽት ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከዚያ አንድ ሰኞ ቀን ላይ ደረስኩ። ጠዋት ነው፣ የማክሰኞም የረቡዕም አይደለም። «ዘጠኝ ቁጥር ሕንፃ። ጋሽ ብሎን።» የብልሽቱ ቦታ ባዶ አልነበረም። እቴቴ እርሳሱን ተጭና ጽፋለች፦ «ውስጥ ሰው አለ።»

ቀኑን አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀውም። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከጋሽ ብሎን ቦርሳ «ከአገልግሎት ውጪ» የሚል ታርጋ ሰርቄ የርእሰ መምህሩ በር ላይ ሰቅዬ፣ ሰው ሁሉ ግማሽ ቀን ምክትሉ ጋ ሲሄድ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ወላጅ አምጪ፣ ካላመጣሽ አትመለሺ ተባልኩ። እቴቴ ስልኩን ትታ መውጣት አትችልም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ እያለሁ ጋሽ ብሎን በሥራ ልብሱ፣ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ርእሰ መምህሩ «አባቷ ነዎት?» ቢለው፣ «ታርጋው የኔ ነው» አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ስለ እኔ ለመነ። ስንወጣ ቁጣ ስጠብቅ፣ «ለሚቀጥለው የታችኛውን ብሎን አጥብቂው፣ ይንጋደዳል» ብቻ አለኝ።

ሁልጊዜ የሚመስለኝ የትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ሊጠግን መጥቶ በዚያው የገባ ነበር። ማን እንደላከው ጠይቄ አላውቅም።

አፍሽ ብሎኝ የለ ሽቦ። እኔ ራሴ ዘጠኝ ቁጥር ገብቼ ወጥቻለሁ። ማንም አልተናገረብኝም።

መዝገቡን ዘጋሁት። አላስገባሁትም። ያስገባሁትንም አጠፋሁ፤ ከአንዱ ከጠፋ ከሁሉም ይጠፋል። ከዚያ መጠባበቂያ ቅጂውን አጠፋሁ፣ ሁለቴ ያሰመርኩበትን። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳቅሁ ብቻ አይደለም፣ ሻዩን እየጠጣሁ ማክሰኞ የማን፣ ረቡዕ የማን እንደሆነ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ጻፍኩት።


ማክሰኞ፣ 2

አስር ሰዓት ላይ ለጋሽ ብሎን ደወልኩ። «ሂድ፣ ስልኩን እኔ ይዤዋለሁ» አልኩት።

«ስንት ቁጥር ብለሽ ጻፍሽ?» አለ።

«ምንም አልጻፍኩም። ሆስፒታል ሄደ ብዬ በግልጽ ለስብሰባ ነገርኩት። ከቻለ ይከልክልህ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ስብሰባ እንጥራ አለ።»

ሲስቅ አልሰማሁትም። ስልኩን ግን አልዘጋብኝም፤ «በይ እሺ» አለ።

ሽቦ አሁንም አያናግረኝም። ሻይ ስሰጠው ይቀበላል።


ረቡዕ፣ 3

ስብሰባ፣ «የድሮዎቹ የታሉ?» አለ። ማሽኑ አለከለከና ወደቀ አልኩት። «የሴትዮዋን ስም ሰረዝሽ?» ነገ አልኩት። ነገን ስለማላውቀው ውሸት አይባልም።


ሐሙስ፣ 4

አስር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። የሽቦ ጮኸ። ከውስጠኛው ክፍል የስብሰባም ጮኸ። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ።

ቀጠሮ ነው። ያስገባችው፦ እቴቴ። ያልሰረዝኩት ስም። የተጻፈው ቅዳሜ ነው። የግል የሚለውን አልነካችም፣ ለሁሉም ክፍት ነው።

«ሐሙስ፣ አስር ሰዓት። ዘጠኝ ቁጥር ሕንፃ። የምትሄደው፦ ቁንጫ። የማታ ትምህርቱ ምዝገባ ዛሬ ያበቃል፣ የድሮ ካርዷ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው፣ ስልኩን ሽቦ ያነሳል፣ ነግሬዋለሁ። ብልሽት፦ ውስጥ ሰው አለ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮቴ ኪስ ውስጥ እጄን ከተትኩ፤ የዘጠነኛ ክፍል ካርዴ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ሽቦ ከጓዳ ወጥቶ ከወንበሩ እስክነሳ በላዬ ቆመ። ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቃሉ ይኼ ነበር፦ «ወንበሩ ወደ ግራ ነው የሚያጋድለው?»

«ወደ ግራ ነው።»

«ሂጂ በይ።»

ከውስጥ የስብሰባ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ስልኩ ጎን አኖርኩት።

ይህን የምጽፈው ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ከፊቴ ሰባት ሰዎች አሉ። የመዝጋቢዋ በር ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ተንጋዷል፣ የታችኛውን አላጠበቁትም፤ እጄን አንዴ አሳከከኝ፣ ተውኩት።

ስብሰባ «የት ነሽ?» ብሎ ጽፎልኛል። አልመለስኩለትም። ስልኩ ላይ ተጽፎለታል።

ስድስት ሰዎች።